የጋሽ ጌታቸው እግር

ጋሽ ጌታቸው የጎረቤታቸውን የአቶ ማርቆስን ግቢ መርገጥ ያቆሙት በአንድ አባ ኮዳ ምክንያት ነው።

አባ ኮዳ ራሱ የተመለጠ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሻጮቹን ከብቦ የሚውል ግዙፍ ወፍ ነው። ሲመሽ በየሰፈሩ ትልልቅ ዛፎች ላይ ወጥቶ ያድራል። አዲስ ከተማ በሚባለው የሐይቁ አቅራቢያ ሰፈር ደግሞ ከአቶ ማርቆስ ሾላ የሚገዝፍ ዛፍ አልነበረም። ሥሩ በአቶ ማርቆስ ግቢ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ቅርንጫፍ ግን አጥሩን ተሻግሮ የጋሽ ጌታቸው በር ላይ ያጠላል።

ጋሽ ጌታቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከጎጃም ተመድበው የመጡት ከተማዋ ገና አዋሳ እየተባለች በምትጠራበት ጊዜ ነው፤ መጥተው ቀሩ። አቶ ማርቆስ የሲዳማ ልጅ ናቸው፤ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ሁለቱ ሰዎች ቤታቸውን የሠሩት በአንድ ዓመት ነው። አጥር የሚባለው ነገር ለስሙ ቆሞ እንጂ ጨው፣ መጥረቢያ፣ ልጅ፣ ወሬ ሁሉ ያለ ከልካይ ይሻገርበት ነበር። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ጴንጤ መሆናቸው የሚታወሰው በጾም ቀን ምሳ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ታዲያ በአንድ የታኅሣሥ ገብርኤል ጠዋት ጋሽ ጌታቸው አዲስ ጋቢ ለብሰው ከባለቤታቸው ከእትዬ ተዋበች ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ወጡ። በሩን ቆልፈው ዞር ሲሉ ከሾላው ጫፍ ላይ አንድ አባ ኮዳ የሌሊቱን ሁሉ ለቀቀባቸው። ትንሽ ነገር አይደለም። ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው ወረደ።

“ማርቆስ!” ብለው ጮኹ። “ማርቆስ፣ ውጣ!”

አቶ ማርቆስ የጥርስ ብሩሻቸውን እንደ ያዙ ብቅ አሉ።

“ይህን ዛፍ ዛሬውኑ ትቆርጠዋለህ!”

“ጌታቸው፣ ይሄ እኮ አባቴ የተከለው ዛፍ ነው።”

“ጋቢዬስ? ጋቢዬን ማን ይተካዋል?”

“እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ወፉን ክሰሰው!” አሉና አቶ ማርቆስ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። ነጠላ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጎርፈው ሰው ቆሞ ያያል። ጋሽ ጌታቸው ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉና እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

“ሰው ሁሉ ይስማኝ! ከእንግዲህ የዚህን ሰው ግቢ ብረግጥ እግሬን ቄጤማ ያድርገው!”

እትዬ ተዋበች አፋቸውን ሊይዙ እጃቸውን ሰነዘሩ፤ ግን ዘግይተዋል። ቃሉ ወጥቷል።

ንዴቱ እስከ ማታ እንኳን አልቆየም። አቶ ማርቆስ ጋቢውን አሳጥበው፣ አስተኩሰው፣ በእጃቸው ይዘው መጡ። ጋሽ ጌታቸው ገና ሲያዩአቸው አፈሩ። ተቃቀፉ፤ ይቅር ተባባሉ፤ ወፉንም አብረው ሰደቡት።

“በል ተነሥ፣ ታቢታ እራት አቅርባ እየጠበቀችን ነው” አሉ አቶ ማርቆስ።

ጋሽ ጌታቸው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እግራቸውን አንሥተው አየር ላይ ያዙት፤ ከዚያ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ መለሱት።

“ምነው?”

“ረግሜያለሁ እኮ፣ ማርቆስ። ራሴን ረግሜያለሁ።”

“በንዴት የተባለ ነገር ነው! ማን ይቆጥረዋል?”

“ጥርሴን ማን ቆጠረው ታዲያ?” አሉ ጋሽ ጌታቸው።

የጥርሱን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ጌታቸው በወጣትነታቸው ሲጋራ ሊተዉ ፈልገው “ሁለተኛ ባጨስ ጥርሴ ይርገፍ!” ብለው ነበር። ጥቂት ወር ታገሡ፤ ከዚያ በአንድ ጓደኛቸው ሠርግ ላይ አንዲት ሲጋራ አጨሱ። በዚያው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ብስክሌታቸው ከጋሪ ጋር ተጋጨና ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው ረገፉ። አሁን ሲስቁ የሚታዩት ሁለቱ ሰው ሠራሽ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጌታቸው በዓለም ላይ ሊጠራጠሩ የሚችሉት ብዙ ነገር ነበር፤ የገዛ እርግማናቸውን ግን አይጠራጠሩም።

ያልተሞከረ ነገር የለም። የንስሐ አባታቸው መከሯቸው፣ ስግደት ሰጧቸው፣ እግራቸውን ጠበል ረጭተው “ተፈትተሃል፣ ሂድና ግባ” አሏቸው። ጋሽ ጌታቸው መስቀል ተሳልመው በቀጥታ ወደ አቶ ማርቆስ በር መጡ። በሩ ላይ ጉልበታቸው ተብረከረከ። “ይኸው ጀመረው” ብለው ተመለሱ። የአቶ ማርቆስ ፓስተርም መጡ፤ ከግቢው ውስጥ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው እርግማኑን በጌታ ስም ሻሩት። ጋሽ ጌታቸው ከውጭ ሆነው በአክብሮት “አሜን” አሉ፤ ከውጭም ቀሩ።

በመጨረሻ ሁለቱም ለመዱት። አቶ ማርቆስ እንደ ልባቸው ወደ ጋሽ ጌታቸው ቤት ይመጣሉ። በበጋ ግን የሾላው ጥላ ስለሚናፍቃቸው የአቶ ማርቆስ ግቢ በር ወለል ተደርጎ ይከፈታል፤ የዳማው ጠረጴዛ በሩ አፍ ላይ ይቆማል። አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ተቀምጠው ሲጫወቱ ይውላሉ። የአቶ ማርቆስ ባለቤት የወይዘሮ ታቢታ ቡርሳሜም በአጥር ላይ ይሻገራል። ቅቤ ጠግቦ ትኩስ ሲበላ የሚጥመው ቆጮ ግን ጋሽ ጌታቸው ዘንድ እስኪደርስ በረድ ይላል።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ሄራን ልታገባ ሆነ።

ሄራን የአቶ ማርቆስና የወይዘሮ ታቢታ አንድ ልጅ ናት። የጋሽ ጌታቸው ወንዶች ልጆች አድገው ወደየሥራቸው ከሄዱ በኋላ ያ ቤት ድምፅ የነበረው በእርሷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እዚያ ነበር። ጋሽ ጌታቸው ካርታ ዘርግተው የዓለምን ወንዞች በጣቷ እያስነኩ አስተምረዋታል፤ እትዬ ተዋበች ጸጉሯን ሠርተዋታል። አሁን ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ናት። የምታገባው ናሆም የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፤ ጋሽ ጌታቸው “ጂኦግራፊ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ግን ምንም አይደል” ብለው ተቀብለውታል።

የጥሪ ካርዱን ራሷ ይዛ መጣች። ጋሽ ጌታቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ፊታቸው በራ።

“አዳራሹ የትኛው ነው?”

“አዳራሽ የለም ጋሼ። እዚሁ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ፣ ሾላው ሥር።”

የጋሽ ጌታቸው ፊት ጠወለገ። ካርዱን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

“እንግዲህ እኔ በር ላይ ቆሜ እመርቅሻለሁ።”

“በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ነው ጋሼ” አለች ሄራን። “እርስዎ ከአባዬ አጠገብ ነው የሚቀመጡት።”

“ልጄ፣ በሠርግሽ ቀን እግሬ ከድቶኝ መሬት ላይ ብዘረር ደስ ይልሻል? ደስታሽን ላበላሽ?”

ሄራን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ዕለት ማታ የሁለቱም ቤት ሰዎች ጋሽ ጌታቸው ሳሎን ተሰበሰቡ። አቶ ማርቆስ “ለምን በአጥሩ ላይ በመሰላል አይገባም?” አሉ።

“ሌባ ነው እንዴ?” አሉ እትዬ ተዋበች። “ደግሞስ በአጥርም ይግባ በሰማይ፣ ሲወርድ የሚረግጠው ያንኑ ግቢ አይደለም?”

ወይዘሮ ታቢታ “በባጃጅ ይግባ፤ ከባጃጁ ሳይወርድ ይዋል” አሉ። ባጃጁ በድንኳኑ ምሰሶዎች መካከል እንደማያልፍ አቶ ማርቆስ አስረዱ። ሠርጉን ወደ ጋሽ ጌታቸው ግቢ ለማዛወርም ታሰበ፤ ወይዘሮ ታቢታ ግን “ልጄ ከአባቷ በር ነው የምትወጣው” ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሁሉም ደክሟቸው ሲነሡ ሄራን ብቻ አንድ ነገር እንዳሰበ ሰው ለብቻዋ ፈገግ ብላ ነበር። ምን እንዳሰበች ማንም አልጠየቃትም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። ሾላው ሥር ድንኳን ተጥሏል፤ መሬቱ ላይ ከሐይቁ ዳር የታጨደ እርጥብ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች የድምፅ ማጉያቸውን “ሄሎ፣ ሄሎ” እያሉ ይሞክራሉ። እትዬ ተዋበች ከወይዘሮ ታቢታ ጋር ድስት ሲያማስሉ አድረው አሁን የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው በግቢው መሀል ይንጎራደዳሉ። ጋሽ ጌታቸው ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ያንን ጋቢ ደርበው፣ በገዛ በራቸው ፊት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የሚገባውን እንግዳ ሁሉ እየተነሡ እጅ ይነሣሉ። ውስጥ የሚሳቀውን ሲሰሙ አብረው ፈገግ ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጫማቸውን ያያሉ።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ። መኪናዎቹ ጥሩንባቸውን እያስጮኹ፣ ባጃጆቹ ከኋላ ተከታትለው መንገዱን ሞሉት። እንደ ወጉ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ዘጉ። ከውጭ ልመና፣ ከውስጥ እምቢታ ሆነ። የአንደኛው ሚዜ ስም አልአዛር ነው፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ ግዙፍ ጎረምሳ ነው።

“ክፈቱልን እንጂ! ምን እንስጥ? ንገሩን!” አለ።

ያን ጊዜ ሄራን ነጭ ቬሏን ሰብስባ ከቤት ወጣችና ከዘማሪዎቹ አንዷ እጅ ማይክሮፎኑን ተቀበለች። ድምፅዋ ከግቢው አልፎ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

“ምንም ነገር አልፈልግም። ጋሽ ጌታቸው በግራ በኩል በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እርሳቸውን ተሸክማችሁ ካላስገባችሁ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም!”

እትዬ ተዋበች እልልታቸውን አቀለጡት።

ሚዜዎቹ ዞር አሉ። ጋሽ ጌታቸው ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሞክሩ አልአዛር ደርሶ ነበር።

“ጋሼ፣ ወንበሩን አጥብቀው ይያዙ።”

“ለምን?”

ወንበሩ ከእነ ጋሽ ጌታቸው ከመሬት ተነሣ።

“ኧረ አውርዱኝ! ኧረ በገብርኤል! ተዋበች!”

“ያዝ ተብለሃል፣ ያዝ እንጂ!” አሉ እትዬ ተዋበች ከበሩ ወዲያ።

“ጋሼ” አለ አልአዛር ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ “እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ። እርስዎ አይረግጡም፤ የምንረግጠው እኛ ነን። እኛ ደግሞ ምንም አልማልንም።”

ጋሽ ጌታቸው ነገሩ ገባቸው። ጩኸታቸውን አቁመው የሚዜዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ሁለት እግራቸውን እንደ ሕፃን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የአበባው ቅስት ዝቅ ያለ ነበርና ጋሽ ጌታቸው ሲያልፉ አንገታቸውን ደፉ፤ አንድ ጽጌረዳ ግን ጆሯቸው ላይ ተሰክቶ ቀረ። በሩ አፍ ላይ አቶ ማርቆስ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። “ዳኤ ቡሹ!” ብለው በሲዳሙ አፎ እንኳን ደህና መጣህ አሏቸው። ግቢው በእልልታና በጭብጨባ ተናጠ። ዘማሪዎቹ ሳይታዘዙ ጀመሩ።

ወንበሩ ከአቶ ማርቆስ አጠገብ ተቀመጠ። ጋሽ ጌታቸው እግራቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ግራ ቀኝ ሲያዩ፣ ናሆም ሮጦ የለስላሳ ሳጥን አመጣና ከእግራቸው በታች ገፋላቸው። በዚያ ሳጥን ላይ እግራቸውን አሳርፈው ዋሉ። ወይዘሮ ታቢታ ቡርሳሜውን በሸክላ ሳህን ከእሳት ላይ አንሥተው በቀጥታ አመጡላቸው። ጋሽ ጌታቸው አንድ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ምነው? አልጣፈጠም?” አሉ ወይዘሮ ታቢታ።

“ታቢታ፣ ይሄ ምግብ ትኩስ ሲሆን እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር።”

ፓስተሩ ሰበኩ፣ ጸለዩ፣ ቀለበት ተደረገ። መውጫው ሲደርስ አቶ ማርቆስ ተነሡና “ልጄን የሚመርቅልኝ ወንድሜ ጌታቸው ነው” አሉ። ሄራንና ናሆም መጥተው ከወንበሩ ፊት ተንበረከኩ። ሄራን የጋሽ ጌታቸውን ጉልበት ሳመች።

ጋሽ ጌታቸው እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ልጆቼ፣ አብራችሁ አርጁ።”

“አሜን!” አለ ሕዝቡ።

“ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ሳቅ አይንጠፍባችሁ።”

“አሜን!”

“አፋችሁን ከችኩል ቃል ይጠብቅላችሁ። ብትጣሉም ፀሐይ ሳይጠልቅ ታረቁ።”

“አሜን!”

ድምፃቸው እየጠነከረ መጣ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረው የድሮው ድምፅ ተመለሰ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ፤ አላነሡትም። እጃቸው ከፍ፣ ከፍ አለ።

“ወንድ ውለዱ፣ ሴት ውለዱ፤ ልጆቻችሁ በእናንተ፣ እናንተም በልጆቻችሁ ደስ ይበላችሁ! የዘራችሁት ይብቀል! የምትረግጡት መሬት ሁሉ ይለምልም!”

“አሜን” የሚለው ድምፅ በዚህኛው ላይ አነስ አለ። ጋሽ ጌታቸው ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ፊታቸው ያለው ሰው ሁሉ እርሳቸውን ሳይሆን ከጉልበታቸው በታች ያያል። አቶ ማርቆስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

“ጌታቸው” አሉ እትዬ ተዋበች ቀስ ብለው። “ቆመሃል እኮ።”

ጋሽ ጌታቸው ዝቅ ብለው አዩ። የለስላሳው ሳጥን ወደ ጎን ተገልብጧል። ሁለቱም ጫማዎቻቸው በአቶ ማርቆስ ግቢ፣ በእርጥቡ ቄጤማ ላይ ናቸው።

አልአዛር ቢወድቁ ሊይዛቸው እጁን ዘርግቶ ተጠጋ። ጋሽ ጌታቸው ቀኝ እግራቸውን አነሡ፤ አሳረፉት። ግራውን አነሡ፤ አሳረፉት። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርሶቻቸው እስኪታዩ ድረስ ሳቁ።

“ጎበዝ!” አሉ። “እግሬ ቄጤማ ላይ ቆመ እንጂ ቄጤማ አልሆነም!”

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው የለም። እልልታው እንደ ሆነ ይታወቃል። ከበሮው ተመታ፤ የሲዳማ ጎረምሶች ተያይዘው መዝለል ጀመሩ፤ ጋሽ ጌታቸው ሱፋቸውን አውልቀው መሀል ገቡና ትከሻቸውን በጎጃምኛ አራገፉት። እስክስታቸው ከመዝሙሩ ጋር አልገጠመም፤ ማንም ግን አላረማቸውም። ሄራን ቬሏን ጠቅልላ በክንዷ ይዛ አብራቸው ጨፈረች፤ የተኳለችው ኩል በእንባ ተበላሽቶ እትዬ ተዋበች በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። አቶ ማርቆስ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አይለይም።

“ሦስት ዓመት ሙሉ!” አሉ አቶ ማርቆስ፣ ጋሽ ጌታቸው ላባቸውን እየጠረጉ ሲመጡ። “ዛፉን በዚያው ቀን ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።”

“ብትቆርጠው ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው የት ታስጠልል ነበር?” አሉ ጋሽ ጌታቸው። “እንኳን አልሰማኸኝ።”

ሙሽሮቹ ፎቶ ለመነሣት ወደ ሐይቁ ተንቀሳቀሱ። ለአባቶች መኪና ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጋሽ ጌታቸው ግን “በእግሬ ነው የምሄደው” አሉ። አቶ ማርቆስም ብቻቸውን አልተዉአቸውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው በዛፎቹ ጥላ ሥር ወደ ሐይቁ ቁልቁል ወረዱ። የሚያውቃቸው ሁሉ ከየሱቁ ደጃፍ “እንኳን ደስ አላችሁ!” ይላቸዋል።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉ አቶ ማርቆስ መሀል መንገድ ላይ። “እርግማኑ የት ሄደ?”

ጋሽ ጌታቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። “እንጃ። አባ ፈትተውኝ ይሆናል፤ የእናንተ ፓስተር ሽረውት ይሆናል። እኔ የማውቀው ስመርቅ አለመፍራቴን ነው። አፌ በምርቃት ሲሞላ እርግማኑ ትዝም አላለኝ።”

“አሁን ከገባህ በኋላ እንግዲህ በየቀኑ ነው የምትመጣው።”

“ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ። ግን ምነው፣ ምን ያስነክስሃል?”

አቶ ማርቆስ ከጥቂት ጊዜ ጀምሮ ማነከስ ይዘው ነበር። ለሠርጉ የተገዛላቸው ጫማ ጠብቧቸዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ለማንም ሳይናገሩ ችለውታል። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋሽ ጌታቸው ጫማውን ጎትተው አወለቁላቸው። ቀሪውን መንገድ አቶ ማርቆስ በካልሲ፣ በጋሽ ጌታቸው ትከሻ ተደግፈው ሄዱ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ውሃው በከሰዓቱ ፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ጀልባዎቹ በዝግታ ይወዛወዛሉ። ናሆም አማቱ ተደግፈው ሲያነክሱ፣ ጋሽ ጌታቸው ጫማ በእጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ሲመጡ አየና ደንግጦ ሮጠ።

“ምን ሆናችሁ? እግሩን የታመመው ማነው?”

ሁለቱም ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን ቀደማቸው። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ትቶ ካሜራውን ወደ እነርሱ አዞረ።